ክሮቼራ ተቀይሮም መኪናው ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥያቄ፦ ፒክአፔን ከቆመበት ሳስነሳው ከሥር «ኳ» ይላል፤ በዝግታ ስነዳው ደግሞ እንደ ጫጩት ይጮኻል። የፕሮፔለር ሻፍቱ (ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ) ክሮቼራ፣ ማለትም ሻፍቱ በማዕዘን እንዲዞር የሚያስችለው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ፣ አልቋል ተባልኩ። በምን አረጋግጣለሁ? ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚጨምቅ መያዣ) ስላለኝ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፦ የጫጩቱ ጩኸት ግራሶ ያለቀበት ክሮቼራ ዋና ምልክት ነው። «ኳ» የሚለው ግን ከዲፈረንሻል (የሻፍቱን ዙር ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጥርሶች ክፍተትም ሊመጣ ስለሚችል ከመፍታትዎ በፊት ይለዩት። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ አራቱንም ጎማ በታኮ ያግዱ፣ ማርሹን ኒውትራል ያድርጉ። ከሥር ገብተው በአንድ እጅ ሻፍቱን፣ በሌላው የዲፈረንሻሉን ፍላንጅ (ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበትን) ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዙ። ሻፍቱ ሲንቀሳቀስ ፍላንጁ ከቀረ፣ ልዩነቱ ለዓይን የማይሞላ እንኳ ቢሆን፣ ክሮቼራው አልቋል። ሁለቱ አብረው ትንሽ ዞረው ከቆሙ ክፍተቱ የዲፈረንሻሉ ነው። በክሮቼራው ኩባያዎች (የመስቀሉን አራት ክንዶች ጫፍ በሚሸፍኑት) ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካዩ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም፤ ውስጥ ያሉት መርፌ መሳይ ቀጫጭን ተሽከርካሪ ብረቶች («መርፌዎች») ደርቀው እየተፈጩ ነው።

ሞርሳ ካለዎት ይቀይሩታል። መጀመሪያ አንድ ነገር ይወቁ፦ የኋላ ሻፍት ከወጣ በኋላ ማርሽ ውስጥ ማስገባት የኋላ ጎማዎችን አይዝም። መኪናው የሚቆመው በእጅ ፍሬንና በታኮ ብቻ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ በማቆሚያ ያስደግፉት።

ብሎኖቹን ሳይነኩ ሻፍቱና ፍላንጁ የሚገናኙበት ላይ በቀለም ወይም በፑንቶ (ሹል የብረት መምቻ) ምልክት ያድርጉ። ሻፍቱ ተንሸራታች ጥርስ (አንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ ርዝመቱ እንዲለዋወጥ የሚያስችል) ካለው እዚያም ምልክት ይኑር። ይህን የአንድ ደቂቃ ሥራ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጣጣው በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ይታያል። ሻፍቱ ቀጥታ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ሲወጣ ዘይት ስለሚፈስ ከሥር ዕቃ ያስቀምጡ።

ኩባያዎቹ እንዳይወጡ የሚይዟቸውን ቀለበቶች በፒንሳ ያውጡ። ዝገት ከያዛቸው ኩባያውን መታ መታ አድርገው ወደ ውስጥ ትንሽ ሲያስገቡት ቀለበቱ ይላቀቃል። ቀጥሎ ሁለት ቡሶላ (ክብ የብሎን መፍቻ ራስ) ያስፈልጋል፤ አንዱ ከኩባያው ጠበብ ያለ፣ ሌላው ኩባያው የሚገባበት ሰፊ። በሞርሳ ሲጨመቁ ጠባቡ ይገፋል፣ ሰፊው ይቀበላል። ቱቦውን ራሱን በሞርሳ አይጨምቁ፤ ሥሥ ስለሆነ ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደ ሻፍት ደግሞ ሚዛኑን ያጣል። አሮጌው ከወጣ በኋላ የሹካውን (ኩባያዎቹ የሚገቡበትን ባለ ሁለት ጆሮ ጫፍ) ቀዳዳ አጽድተው አዲሱን ኩባያ ይሞክሩት። ያለ ግፊት በጣት ገብቶ የሚሽከረከር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሹካው ይቀየራል። ጠርዙን በፑንቶ ቀጥቅጦ ማጥበብ ከጥቂት ጊዜ በላይ አይዝም።

መስቀሉን ሲያስገቡ ኒፕሉ (ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ጫፍ) የግራሶ መስጫው በሚደርስበት በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሻፍቱ ቱቦ፣ ይዙር። ኩባያዎቹን ሲያስገቡ የመስቀሉን ክንድ በጣትዎ ወደሚገባው ኩባያ ገፍተው ይያዙት፤ መርፌዎቹን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸው ክንዱ ነው። አንዲት መርፌ ከወደቀች ኩባያው ሥር ትጋደማለች፣ ኩባያው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ቀለበቱም ቦይው ውስጥ አይቀመጥም። እዚህ ላይ መዶሻ አያንሱ። ኩባያውን አውጥተው መርፌዎቹን በግራሶ እንደገና ይደርድሩ። መዶሻው ቀለበቱን ያስገባልዎት ይሆናል፣ የወደቀችው መርፌ ግን ተሰብራ ክሮቼራውን በአጭር ጊዜ ትጨርሰዋለች።

ሲያልቅ መገጣጠሚያውን በእጅዎ በሁሉም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ። ከጠነከረ የሹካውን ጆሮ በፕላስቲክ ወይም በነሐስ መዶሻ መታ ያድርጉት፤ ኩባያው ወደ ቀለበቱ ተመልሶ ይላቀቃል። አሁንም ከያዘ መኪናው ላይ አይግጠሙት።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ክሮቼራ አስቀይሬ ድምፁ ጠፋ፤ ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሳልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ጎማ ነው?

መልስ፦ ቀድሞ ካልነበረ ከጎማው በፊት የተነካውን ይመርምሩ። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ተንሸራታቹ ጥርስ ነው። ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ ሻፍቱን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ይህን መዋዠቅ የሚያጠፋው የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ሲሆኑ ነው። ጥርሱ በአንድ ቦታ እንኳ ተሳስቶ ከገባ ማጥፋቱ ይጎድላል፣ ንዝረቱ ይቀራል። ሻፍቱን ከጎን ሆነው ይመልከቱ፤ ሹካዎቹ ካልተመሳሰሉ አውጥተው ያስተካክሉ። መስመሩ ትክክል ከሆነ ሻፍቱን ከፍላንጁ ፈትተው 180 ዲግሪ አዙረው መልሰው ይግጠሙት፤ ምልክት ሳይደረግበት ተፈትቶ ከነበረ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይሄ ነው።

ከዚያ ቀለበቶቹን ያረጋግጡ። በተለያየ ውፍረት በሚሸጡባቸው መኪኖች ላይ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል፤ አለበለዚያ ሻፍቱ ከመሐሉ ይወጣል። ሻፍቱ ሁለት ቁራጭ ከሆነ በመሐል ሻፍቱን የሚይዘውን ኩሽኔታ የጎማ ማቀፊያም ይዩ። ለሚዛን ቱቦው ላይ የተበየደች ትንሽ ብረት ወድቃ የብየዳ ምልክቷ ብቻ ከቀረ ሻፍቱ ሚዛን ማስተካከያ ማሽን ላይ መሄድ አለበት።

ጥያቄ፦ ኒፕል ያለው ይሻላል ወይስ የታሸገው?

መልስ፦ ጭቃና ውሃ ለሚገባ መኪና ኒፕል ያለው፣ ግን ግራሶ የሚሰጠው ባለቤት ካለ ብቻ። ካልሆነ የታሸገውን ይግዙ፤ መስቀሉ ስላልተቦረቦረ ጠንካራም ነው። ግራሶው ባለ 2 ቁጥር ሊቲየም ይሁን። ከአራቱም ኩባያዎች የጎማ መዝጊያ ሥር አዲሱ እስኪወጣ ድረስ ይስጡ። ከአንዱ እምቢ ካለ ሻፍቱን አዙረው እንደገና ይሞክሩ፤ ያኔም ካልወጣ መንገዱ ተደፍኗል፣ ያ ክንድ በደረቁ እየሠራ ነውና ክሮቼራውን ይቀይሩት። ጥልቅ ውሃ ከተሻገሩ የአገልግሎቱን ኪሎ ሜትር ሳይጠብቁ ወዲያው ይስጡ።