በቆሎው ነው የሚተነው ወይስ ውሃው?

ጥያቄ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ለአርሶ አደሮች በምናዘጋጀው በራሪ ወረቀት ላይ «በቆሎ በቅጠሉ ውሃ ይተናል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ቅጠሉን ያልበዋል» በል አለኝ። ሌላው «እንፋሎት ያወጣል» ይሻላል ባይ ነው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ለትክክለኛው የቀረበው የእርስዎ ነው። የተሳተችው አንዲት ፊደል ናት። «ተነነ» ተሳቢ አይወስድም፤ የሚተነው ራሱ ውሃው ነው። በቆሎውን ባለቤት ካደረጉት ግሡ «አተነነ» ይሆናል። ውሃ ይፈላል፣ ሰው ግን ውሃ ያፈላል፤ «እናቴ ውሃ ትፈላለች» የሚል የለም። ስለዚህ «በቆሎ በቅጠሉ በኩል ውሃ ያተናል» ወይም «ውሃ ከበቆሎው ቅጠል ይተናል» ይበሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለጆሮ ይቀላል።

«እንፋሎት» ይቅር። ቃሉን ስንሰማ የጋለ ድስት ነው የሚታየን። ከቅጠል የሚወጣው ውሃ ግን አይፈላም፤ በዓይን በማይለዩ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። ሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው መውጫው ይህ ነው።

«ያልበዋል» የሚለው ደስ ይላል፣ ግን ያሳስታል። ላብ ይታያል፣ ይንጠባጠባል። ገበሬው ይህን ካነበበ ጠብታ ይፈልጋል፤ ያገኛልም። ማለዳ በበቆሎ ወይም በስንዴ ቡቃያ ቅጠል ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል ጠብታ አለች። እሷ ትነት አይደለችም። ሌሊት ትነቱ ሲቀንስ ሥሩ የሚገፋው ውሃ ነው ፈሳሽ እንደሆነ በቅጠሉ ጫፍ የሚወጣው። በቅጠሉ ገጽ ላይ የተበተነው ደግሞ ጤዛ ነው፤ ከአየር የመጣ። ትነቱ ራሱ አይታይም። ማሳየት ከፈለጉ ፀሐይ በወጣ ሰዓት አንድ ደረቅ ቅጠል፣ ማለትም ጤዛው የለቀቀውን፣ ሳይቆርጡ ፌስታል ያጥልቁበትና አፉን ይሰሩት። ፌስታሉ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፣ ቆይቶም ውሃ ያቋጥራል። ገበሬው ይህን በዓይኑ ካየ «ትነት» የሚለው ቃል አይከብደውም።

ወረቀቱ ስለ መስኖ ከሆነ ከአፈሩ የሚተነውንም አብረው ይጥቀሱ። ሰብሉ የሚያስፈልገው ውሃ የሚሰላው ሁለቱ ተደምረው ነውና። «ከአፈርና ከቅጠል የሚወጣ ትነት» ቢሉ ማንም ይረዳዎታል።