በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በቀጥታ አንጎል ይገባል?

ደም ውስጥ ሳይገባ በአፍንጫ በኩል አንጎል የሚደርስ መድኃኒት አለ ወይ ላልከው፣ መንገዱስ አለ፤ ግን ጠባብ ነው።

የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ አብዛኛውን መድኃኒት አያሳልፍም። አፍንጫ አቋራጭ አለው። ከላይ ጣሪያው ጋ የማሽተት ነርቮች አሉ። ከነሱ በላይ ያለው ስስ አጥንት እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ የነርቮቹ ክሮች በቀዳዳዎቹ ሾልከው አንጎል ይገባሉ። መድኃኒቱም እነሱን ተከትሎ ማለፍ ይችላል።

ጣጣው እዚያ ድረስ መውጣቱ ላይ ነው። ተራ ስፕሬይ ስትነፋ አብዛኛው ከፊት ይቀራል። ሌላውን ደግሞ ንፍጥ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጉሮሮ ይጠርገዋል፣ ትውጠዋለህ። «አይጥ ላይ ሠራ» የሚል ዜና ስታይም ቶሎ አትደሰት። የአይጥ አፍንጫ ውስጠኛ ገጽ ግማሽ ያህሉ ለማሽተት ነው፤ የእኛ አንድ አስረኛም አይሞላ።

እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው የሚሰጠው ናሎክሶን ስፕሬይ ፈጥኖ አንጎል ላይ ይሠራል፣ ግን በዋናነት የሚሄደው በደም በኩል ነው። ኢንሱሊንም ለአልዛይመር (ለመርሳት በሽታ) በአፍንጫ ተሞክሮ ነበር፤ በ2020 የወጣው ትልቅ ሙከራ የተጠበቀውን ለውጥ አላሳየም።

በመርፌ የሚሰጠኝን መድኃኒት አፍንጫዬ ውስጥ ልጨምረው ወይ ብለህ የጠየቅከውን ግን በጭራሽ እንዳትሞክር። መጠኑም አይመጣጠንም፣ አፍንጫህንም ሊያቆስለው ይችላል።