ኢንዲያና ዱንስን ከልጆችና ከእናት ጋር በአንድ ቀን ለማየት ለጠየቁን

«ከሺካጎ ተነሥተን፣ የ6 እና የ10 ዓመት ልጆቻችንንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡትን እናቴን ይዘን፣ በጁላይ አንድ ቅዳሜ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ወዳለው ኢንዲያና ዱንስ ስቴት ፓርክ ብንሄድ ሦስቱን የአሸዋ ተራሮች ወጥተን፣ ሐይቁ ዳር ውለን፣ በዚያው ቀን መመለስ እንችላለን ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ላለፉት ስምንት ዓመታት ሳልሄድ ያለፈኝ ሰመር ስለሌለ የማውቀውን ልጻፍልዎ። ይቻላል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሁላችንም አንድ ላይ ካልሆንን ካላችሁ አይቻልም። ልጆቹ ከአንዳችሁ ጋር ተራራውን ይውጡ፣ እናትዎ ከሌላችሁ ጋር ረጋ ያለ ቦታ ይዋሉ፣ ከዚያ ምሳ ላይ ተገናኙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱን አይቶ ጊዜውን ሲገምት ነው። ሦስቱን ተራሮች የሚያገናኘው ትሬይል 8 የተባለው የእግር መንገድ ርዝመቱ 1.5 ማይል ብቻ ስለሆነ፣ በካርታ ለሚያየው ሰው ከቁርስ በኋላ እግር ማፍታቻ ይመስላል። ማውንት ጃክሰን 176 ጫማ፣ ማውንት ሆልደን 184፣ ማውንት ቶም ደግሞ 192 ጫማ ከፍታ ያላቸው ሲሆኑ፣ ሦስቱ ተደምረው 552 ጫማ ይሆናሉ፤ እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ተራራ መባላቸው ራሱ ያስቃል። ሆኖም የእንጦጦ መሬት እግር ይሸከማል፣ ይህኛው አይሸከምም፤ አንድ እርምጃ በወጡ ቁጥር ግማሹን አሸዋው መልሶ ይወስድብዎታል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጃክሰን አጋማሽ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ስገለብጥ፣ ከአንዱ እግር ብቻ የወጣው አሸዋ የቡና ሲኒ ይሞላ ነበር። ተናድጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ ልቀጥል ብል፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበርና አሸዋው እንደ ምጣድ ግሎ ጠበቀኝ፤ የቀረውን መንገድ በካልሲ ጨረስሁት።

ስለዚህ ድፍን ጫማ ከካልሲ ጋር አድርጉ፤ በዚህ አገር ሰዓት ከጠዋቱ 9 ሳይሆን መውጣት ጀምሩ፤ ለልጆች ዕረፍት ጭምር ሁለት ሰዓት ያህል መድቡ። መነሻው የተፈጥሮ ማዕከሉ፣ ማለትም ኔቸር ሴንተሩ ዘንድ ነው። ቅደም ተከተሉን ጃክሰን፣ ሆልደን፣ ቶም ብታደርጉት ይሻላል፤ ቶም ላይ የእንጨት ደረጃ ስላለ የደከመ እግር በመጨረሻው ተራራ ላይ ያርፋል። የዐሥር ዓመቱ ልጅ ከእናንተ ቀድሞ ይጠብቃችኋል፤ የስድስት ዓመቱ ግን ሆልደን ላይ «እዘሉኝ» ማለቱ ስለማይቀር፣ አብሮት የሚወጣው ወላጅ ወገቡ ደኅና የሆነው ይሁን። ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ከላይ ሆናችሁ ከሐይቁ ማዶ የሺካጎን ፎቆች እንደ ክብሪት እንጨት ተሰክተው ታያላችሁ።

እናትዎ በዚህ ሰዓት ኔቸር ሴንተሩ ውስጥ በመስኮት ወፎች የሚታዩበት ክፍል ቢቀመጡ አይሰለቹም፤ ቀጥሎ በዛፍ ጥላ ሥር ባለው ሜዳማ መንገድ የቻሉትን ያህል መራመድ ይችላሉ። ትሬይል 2 ወደ ረግረጉ የሚወስድ፣ አቀበት የሌለው መንገድ ነው፤ ሙሉውን መጨረስ ግዴታ አይደለም። የቢምቢ መከላከያ ግን እንዳይረሳ፤ በጫካውና በሳሩ ውስጥ መዥገርም ስላለ፣ ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ቁርጭምጭሚት፣ ብብትና የጆሮ ጀርባ ፈትሹ። ከግንዱ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ካያችሁም አትንኩ፤ ፖይዝን አይቪ የሚሉት ቆዳ የሚያሳክክ ተክል እሱ ነው።

ልጆቹ ከመንገድ እንዳይወጡ መከልከል ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱን ቢነገራቸው ይሰማሉ። አሸዋውን በቦታው አስሮ የያዘው ማራም የሚባለው ረጅም ሳር ነው፤ ሥሩ ሲረገጥ ይደርቃል፣ ሳሩ የለቀቀውን ቦታ ነፋሱ እየቦረቦረ እንደ ትልቅ ገበታ ጎድጓዳ ያደርገዋል። እንዲህ ያለው ጎድጓዳ በእንግሊዝኛው ብሎውአውት ይባላል፤ ትሬይል 10 ላይ ባለው በትልቁ ብሎውአውት ውስጥ፣ ድሮ አሸዋ ቀብሯቸው የነበሩ ዛፎች ነፋሱ መልሶ ገልጧቸው ደርቀው ቆመዋል። ልጆቹን ደግሞ ነፋስ ባለበት ሰዓት ወደ አንዲት ዘለላ ማራም ጠጋ ብለው ሥሯ ያለውን አሸዋ እንዲያዩ አድርጉ፤ የታጠፈው የሳሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ እየዞረ በኮምፓስ የተሰመረ የሚመስል ክብ ይሥላል። የእኔ ልጅ ከሦስቱ ተራሮች ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ክብ ነው። የሺካጎ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሊቅ ሄንሪ ካውልስ፣ ከውኃው ዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲሄድ ከሳር ወደ ጥድ፣ ከጥድ ወደ ኦክ ጫካ የሚደረገውን ሽግግር አጥንቶ በ1899 ያሳተመው እዚሁ ሐይቅ ዳር ያሉትን የአሸዋ ኮረብታዎች ይዞ ነው። በቅርብ ርቀት ሚሺጋን ሲቲ ዘንድ ደግሞ ሁዠር ስላይድ የሚባል ትልቅ የአሸዋ ተራራ ነበረ፤ ለብርጭቆና ለጠርሙስ ፋብሪካዎች በባቡር ተጭኖ አለቀ። ፓርኩ በ1925 ባይቋቋም ኖሮ ስለ ማውንት ቶም ዛሬ ባልጻፍሁልዎ ነበር።

ውኃውን በተመለከተ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። ሚሺጋን ሐይቅ ስሙ ሐይቅ ይሁን እንጂ ከሰሜን ሲነፍስ ማዕበል አለው፤ ዋናተኛውን ከዳር ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም ይፈጥራል፣ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ይሰምጥበታል። የነፍስ አድን ጠባቂዎች በሌሉበት ልጆቹ እንዳይገቡ፤ ጠባቂዎቹ ውኃውን ከዘጉትም ላለመከራከር ከወዲሁ ተስማሙ። ያን ቀን ልጆቹ ዴቪልስ ስላይድ በተባለው፣ ከሐይቁ ዳር አጠገብ ባለው የአሸዋ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተቱ ይዋሉ፤ መውጣት የተፈቀደበት ቦታ ነው።

ምግቡን አሸዋው ላይ ዘርግታችሁ አትብሉ። እኛ አንድ ጊዜ ፍርፍር ይዘን ውኃው ዳር ከፈትነውና ነፋሱ አንድ ጊዜ እፍ ቢልበት፣ ያልተለቀመ ምስር እንደ መብላት ሆነብን። ጠረጴዛና ጥላ ያለበት የሽርሽር ቦታ ስላለ እዚያ ብሉ፤ እናትዎም ነጠላቸውን ተከናንበው በሰላም ይቀመጣሉ።

ስለ መግቢያው ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ስቴት ፓርኩን ዙሪያውን የከበበው በ2019 ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ኢንዲያና ዱንስ ናሽናል ፓርክ ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ የሚተዳደሩ ስለሆኑ የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ስቴት ፓርኩ በር ላይ አይሠራም። የኢሊኖይ ታርጋ ያለው መኪና ከኢንዲያና ታርጋ የበለጠ ይከፍላል። በ94 አውራ ጎዳና መጥታችሁ ቼስተርተን ላይ በመውጫ 26 ወጥታችሁ፣ መንገድ 49ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትነዱ በሩ ላይ ይጥላችኋል። አብዛኛው ኢንዲያና በሰዓት አንድ ይቀድመናል፤ ይህ አካባቢ ግን ከሺካጎ ጋር እኩል ነው። መኪና ከሌላችሁ የሳውዝ ሾር ባቡር ዱን ፓርክ ጣቢያ ያወርዳችኋል፤ ነገር ግን ከዚያ እስከ ሐይቁ ያለው የእግር መንገድ ለእናትዎ ይበዛባቸዋል።

በሰመር ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንጉ ሞልቶ በሩ ሊዘጋ ይችላል፤ እኔም አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። ያ ከገጠማችሁ ወደ ምዕራብ ነድታችሁ በናሽናል ፓርኩ ውስጥ ያለውን ዌስት ቢች ሞክሩ፤ እዚያም በአሸዋው ኮረብታ ላይ በእንጨት ደረጃ የሚወጣ አጭር መንገድ አለ። ሦስቱ ተራሮች ግን እዚያ የሉም፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ እንዳያለቅሱባችሁ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው።