የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ከውጭ እንጨት ሲገዙ፦ ጥያቄና መልስ

የክርና የትንፋሽ መሣሪያ ከሚሠሩና ከሚጠግኑ ሰዎች ስለ እንጨት ግዢ ሕግ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። የዓመተ ምሕረቱ አቆጣጠር፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአውሮፓውያን ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር እሠራለሁ። ከህንድ ሮዝውድ የተባለውን እንጨት ላስመጣ ስል ሻጩ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ። በሮዝውድ የተሠራ ጊታር ያለ ፈቃድ እየገባ ጣውላው ለምን ይጠየቃል?

መልስ፦ ሻጩ ትክክል ነው። ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት፣ አባል አገሮቹ በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በወሰኑት መሠረት፣ ሮዝውድን የሚያስገኘውን የዳልበርጂያ ወገን በሙሉ ከጃንዋሪ 2 ቀን 2017 ጀምሮ በፈቃድ ብቻ እንዲሸጥ አድርጎታል። ለዚህ ያበቃው በዋናነት በቻይና ለቅንጡ የቤት ዕቃ የነበረው ከፍተኛ ፍላጎት ነበር፤ ይሁን እንጂ ሸክሙ ጥቂት ጣውላ በሚጠቀሙት መሣሪያ ሠሪዎች ላይም ወደቀ። ሙዚቀኞችና ሠሪዎች አቤት ካሉ በኋላ ጄኔቫ ላይ በተደረገው ጉባኤ ውሳኔው ተሻሻለና ከኖቬምበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ያለቁ ክፍሎቻቸውና ተጓዳኝ ዕቃዎቻቸው ከፈቃድ ነጻ ሆኑ። «ያለቀ» የሚባለው ክፍል ግን ቅርጹን ይዞ ለመገጠም የተዘጋጀው ብቻ ነው። እርስዎ ገና የሚልጉትና የሚቀርጹት ጣውላ ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ነጻነቱ አይደርሰውም። በእኔ እምነት ይህ አሠራር ትልቁን ፋብሪካ ጠቅሞ በእጁ የሚሠራውን ባለሙያ ጎድቷል፤ ቢሆንም ሕጉ እስካለ ድረስ ፈቃዱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት እጅዎ ሊገባ ይገባል፤ ከተጫነ በኋላ የሚወጣ ፈቃድ በአብዛኛው ተቀባይነት የለውምና። ህንድ በራሷ ሕግ ያልተሠራ ግንድና ጣውላ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለምትገድብም፣ ሻጩ በምን ዓይነት መልክ ሊልክልዎ እንደሚችል አስቀድመው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ደረሰኙ ላይ «ሮዝውድ» ተብሎ ቢጻፍ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚያውቀው ዛፉን በሳይንሳዊ ስሙ ነው። የህንዱ ሮዝውድ ዳልበርጂያ ላቲፎሊያ ሲሆን ከሳይተስ የዝርያ ዝርዝሮች በአባሪ ሁለት ስለተመዘገበ በፈቃድ ይነገዳል፤ የብራዚሉ ዳልበርጂያ ኒግራ ግን ከ1992 ጀምሮ በአባሪ አንድ ስላለ የንግድ ዝውውሩ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፣ ያለቀ መሣሪያ ነው ማለትም አያድነውም። የራሳችን ቋንቋም ሊያሳስተን ይችላል። ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩበት፣ በታንዛኒያና በሞዛምቢክ በብዛት የሚቆረጠው ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የእንግሊዝኛ ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «ጥቁር እንጨት» ይሆናል፤ በአማርኛ ጥቁር እንጨት የምንለው ግን ፕሩነስ አፍሪካና የተባለው ሌላ ዛፍ ነው፣ እሱም ለብቻው በአባሪ ሁለት የተመዘገበ ነው። አንዱን ለማለት ሌላውን የጻፈ ሰው ሁለት የተለያዩ የሕግ ጉዳዮችን እንደቀላቀለ ይወቅ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሻጩ «ሁሉም ሕጋዊ ነው» ብሎ ከጻፈልኝ ኃላፊነቱ የእሱ አይደለም?

መልስ፦ የእርስዎም ነው። በ1900 የወጣው የአሜሪካው የሌሲ ሕግ በ2008 ሲሻሻል ዕፅዋትንም ስለጨመረ፣ እንጨቱ የተቆረጠበትን ወይም የወጣበትን አገር ሕግ ተላልፎ ከመጣ አሜሪካ ውስጥ የገዛውም ይጠየቃል። ጊብሰን የተባለው የጊታር ኩባንያ ማዳጋስካር ያለቀለት ካልሆነ በቀር ከአገር እንዳይወጣ ከከለከለችው ዞጲ (ኤቦኒ) ጋር በተያያዘ በ2009 ተፈትሾ በ2012 ከመንግሥት ጋር ሲስማማ 300,000 ዶላር ቅጣት ከፍሏል፣ ለተፈጥሮ ጥበቃም 50,000 ዶላር ሰጥቷል። ሕጉ ከገዢው የሚጠብቀው ተገቢውን ጥንቃቄ ነው፤ የዛፉን ሳይንሳዊ ስም፣ የተቆረጠበትን አገር፣ የሻጩን ፈቃድ ቅጂ ጠይቆ ማስቀመጥ የዚያ ጥንቃቄ መጀመሪያ ነው። ለንግድ የሚያስገቡ ከሆነ ዝርያው፣ መጠኑ፣ ዋጋውና የተቆረጠበት አገር በማሳወቂያ ቅጽ ላይ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ በዋንዛ የተሠራ በገና ማስመጣት እፈልጋለሁ። ዋንዛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አለ?

መልስ፦ የለም፤ የሳይተስ ፈቃድ አያስፈልገውም። የአገር ውስጡን ሕግ ግን አይርሱ። በ1986 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከእሱ በኋላም አዲስ የደን አዋጆች ወጥተዋል። ስለዚህ ገበቴው የተፈለፈለበት ግንድ ከባለ ይዞታ ግቢ ወይም ማሳ መምጣቱን ሠሪውን ይጠይቁት። ከሌሲ ሕግ አንጻርም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ የራሱ ደንብ አለው።

ጥያቄ፦ የአባቴ የቆየ ጊታር ጎኑና ጀርባው የብራዚል ሮዝውድ ነው። ለኮንሰርት ወደ አውሮፓ ልወስደው እችላለሁ?

መልስ፦ እንጨቱ ከ1992 በፊት መቆረጡን የሚያሳይ ማስረጃ ካለዎት፣ ለጉዞ ተብሎ የተዘጋጀ የሙዚቃ መሣሪያ ምስክር ወረቀት አለ፤ እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ ድንበር ባለፉ ቁጥር ይታያል። እዚያ መሸጥ ግን በዚህ ወረቀት አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ከ2017 በፊት የገዛሁት የህንድ ሮዝውድ ጣውላ አለኝ፤ ደረሰኙ ጠፍቷል።

መልስ፦ በአገርዎ ሠርተው ለዚያው ገበያ የሚሸጡት ከሆነ ዓለም አቀፉ ስምምነት አይመለከተውም፤ እሱ የሚቆጣጠረው ድንበር ማለፍን ነው። ጣውላውን እንዳለ ወደ ውጭ ለመላክ ከሆነ ግን የተገዛበትን ጊዜ ማሳየት ይኖርብዎታል፤ የባንክ ክፍያ ማስረጃም ሆነ ሻጩ ዘንድ የቀረው የደረሰኝ ቅጂ ሊረዳዎት ስለሚችል፣ ዛሬውኑ ለሻጩ ይጻፉለት።