ጀርመን ያለ የዘር ሐረግ አጥኚ ከመቅጠርሽ በፊት

ሰላም እህቴ። የእናትሽ ቅድመ አያት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ይሠራ የነበረ ጀርመናዊ ነው ብለሽ፣ እዚያ አገር ያለ አጥኚ ልቅጠር ወይ ስትዪ ጠይቀሻል። እኔም የባለቤቴን የዘር ሐረግ ያስጠናሁት ሰው ቀጥሬ ነው። መልሴ ቅጠሪ ነው። ግን መጀመሪያ የመንደሩን ስም ያዢ።

ለምን መሰለሽ? ያኔ አንድ የጀርመን መንግሥት አልነበረም። የተመሠረተው በ1871 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቩርተምበርግ፣ ባደን፣ ባቫሪያ፣ ፕሩሺያ ሁሉም ለየራሳቸው ነበሩ። ልደትና ጋብቻ በመላ አገሪቱ በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው በጥር 1876 ነው። የእሱ ልደት እንግዲህ ያለው በተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው። አጥኚ የሚከፈለው በሰዓት ነው። መንደር ሲያፈላልግ ገንዘብሽ ያልቃል።

ከጋፋት የእጅ ባለሙያዎች ብዙዎቹን የላካቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከሚሲዮኑ ሰነዶች ብትጀምሪ ይሻላል። በቤተሰብ ወሬ ብቻ አትተማመኚ። ለምሳሌ ዐድዋ ኖሮ በ1878 እዚያው ያረፈው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ስሙ የሚነሣው ከማንሃይም ጋር ነው። የተወለደው ግን ኑረንበርግ አጠገብ፣ ላውፍ ነው። የጥምቀቱን መዝገብ ማንሃይም የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ሰውዬው ከቩርተምበርግ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። እዚያ ከ1808 ጀምሮ አባት፣ እናትና ልጆች አንድ ገጽ ላይ የሚሰፍሩበት የቤተሰብ መዝገብ ነበር። ባሕር ማዶ የሄደ ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ በስሙ ጎን ይጻፋል። እኛም ብዙ ነገር ያገኘነው ከዚሁ ነው።

የፕሮቴስታንት መዝገቦች አርኪዮን በሚባለው ድረ ገጽ በክፍያ፣ የካቶሊኮቹ ማትሪኩላ ላይ በነፃ ይታያሉ። ሁሉም ግን አልገቡም። ጽሕፈቱም ኩረንት የሚሉት የድሮ የእጅ ጽሑፍ ነው። ባለቤቴ ጀርመን ተወልዳ ያደገች ናት፤ የቅድመ አያቷ ስም ፊቷ ተቀምጦ ማንበብ አቃታት። ለአጥኚ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ስትቀጥሪ ሙሉውን ሥራ አንዴ አትስጪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ስጪው፦ የዚህ ሰው ወላጆች እነማን ናቸው? ጣሪያውን በሰዓት ወስኚና በጽሑፍ ተዋዋዪ። የገጹን ፎቶ፣ የመዝገብ ቤቱን ስም፣ የመጽሐፉንና የገጹን ቁጥር ይላክልሽ። ፈልጎ ያጣበትንም ይጻፍልሽ፣ ነገ ሌላ ሰው እዚያው እንዳይደክም። ለእኛ መጀመሪያ የሠራልን ሰው ያማረ የዘር ዛፍ ላከ፤ አንድም ማስረጃ አልነበረውም። ሥራውን እንደ አዲስ ለሌላ ሰው መስጠት ግድ ሆነብን። የጀርመንኛ ተናጋሪ ባለሙያ አጥኚዎች ማኅበር አለ፤ ከአባላቱ ለመዝገብ ቤቱ ቅርብ የሆነውን ምረጪ። የጉዞ ወጪ ይቀርልሻል።

ሐሳብሽ ፓስፖርት ከሆነ ግን በዚህ ሰው በኩል ብዙ ተስፋ አታድርጊ። በ1870ው ሕግ ውጭ አገር ዐሥር ዓመት የኖረ ሰው፣ ቆንስላ ካልተመዘገበ ዜግነቱን ያጣ ነበር። ይህ እስከ 1913 ማብቂያ ሠርቷል።

እጅሽ ላይ ያለውን ስም ከነአጻጻፉ እዚህ ለጥፊው። ፕሮቴስታንት ይሁን ካቶሊክም ንገሪን፤ የትኛው መዝገብ እንደሚታይ አብረን እናያለን።