ፍል ውሃ ያለው ተራራ እንዴት «ጠፋ» ይባላል? ጥያቄና መልስ

ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ በስፒትስበርገን ደሴት፣ በቦክፍዮርደን የባሕር ሰርጥ ዳር ስለቆመው ስቬሬፍየሌት ስለተባለው አሮጌ እሳተ ገሞራ «ጠፍቷል»፣ ማለትም ዳግም አይፈነዳም፣ ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤ በዝቶልኛል።

አንዱ ለጉብኝት ሊሄድ ነው፤ የዋልታ ድብ አለ ወይ ይለኛል። አለ። ሌላውን የአካባቢውን አስተዳዳሪ ቢሮ ጠይቅ።

ሌላዋ በበረዶ አገር እሳት ከየት መጣ ትላለች። እሳቱ ከሥር ነው እህቴ፣ የላይኛው ብርድ አያግደውም። እንዲያውም ቅልጡ አለት የወጣው በበረዶ ግግር ሥር ነው። ውሃ ሲነካው ድንገት ስለሚቀዘቅዝ ትራስ የተደራረበ መስሎ ደርቋል።

ከጎንደር የጻፉልኝ መምህር ግን ዋናውን ነገር ነክተዋል። በአጠገቡ ፍል ውሃ እያለ እንዴት ጠፋ ይባላል? ይላሉ። ልክ ነዎት፣ ትሮልና ዮቱን የሚባሉ ምንጮች አሉ፤ ሙቀታቸው ግን ከ30 ዲግሪ በታች ነው። ውሃው በመሬት ስንጥቅ ጠልቆ ሞቆ ይመለሳል፤ ለዚህ የቀለጠ አለት አያስፈልገውም። ተራራው የፈነዳው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ጠፋ የሚያሰኘውም ይህ ርቀት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ በዘፈቀደ መነገሩ ነው። ሰው አይቶ ያልመዘገበው ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሚያውቅበት መዝገብ አልነበረም፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን መቼ እንደፈነዳና ሥሩ ዛሬ ምን እንዳለ ነው።

አረንጓዴ ፍሬ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ያገኘው ወጣት ይሸጣል ወይ ብሏል። ፍሬው ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ነው፤ ቅልጡ አለት ከምድር ቅርፊት ሥር ይዞት የወጣ። በስቬሬፍየሌት ሞልቷል፤ በእኛም እንጅባራ አካባቢ ይገኛል። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ስኳር ይፈረፈራል፤ እንዲህ ያለው ለጌጥ አይሆንም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከአፋር ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ኮረብታ ከሰሞኑ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ሽማግሌዎች ግን የሞተ ነው ይላሉ ይላል። ወንድሜ፣ የእኔን መልስ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለወረዳው አመልክት፤ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎችም ደውል። ቦታውን፣ ቀኑንና ያየኸውን በትክክል ንገራቸው። ዝም ካሉህ ድገምላቸው። እስኪመጡ ድረስ ልጆችና ከብት ወደዚያ አይውጡ።