የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፊርማ ገንዳ አይከድንም

ጥያቄ፦

«ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ። በጎንደር ከተማ ማራኪ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉ ሕፃናትን በቤቴ መጠበቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በአሁኑ ጊዜ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 9 ልጆች አሉኝ፤ አንዲት ረዳትም ቀጥሬያለሁ። የተከራየሁት ቤት ባለቤት ውጭ አገር ይኖራል። ለዕረፍት ሲመጣ የሚዋኝበት፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ገንዳ ከቤቱ ጀርባ አስገንብቷል። ገንዳው በበጋ ባዶውን ይሰነብታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ እስከ ጉልበቴ ድረስ ይሞላዋል። ለባለቤቱ ስልክ ደውዬ ስነግረው “በሸራ ሸፍኚው” ስላለኝ ሸራ ገዝቼ ዙሪያውን በድንጋይ አስያዝኩት። ባለፈው ሳምንት የ3 ዓመት ልጅ ኳስ ተከትሎ ሄዶ ሸራው ጫፍ ላይ ሊወጣ ሲል ረዳቴ ደርሳ በሹራቡ ጎትታ መለሰችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዲት ጎረቤቴ “በገንዳው ምክንያት ለሚደርስ አደጋ ማቆያው አይጠየቅም” የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቼ ወላጆችን እንዳስፈርም መክራኛለች። አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? እኔ ወይስ የቤቱ ባለቤት? ፊርማውስ ያድነኛል? ከዚህ ሌላ፣ አንዳንድ ወላጆች ለጥምቀት ልጆቹን ወደ ፋሲል መዋኛ እንድወስድላቸው ይጠይቁኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ት.፣ ከማራኪ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁን በአመዛኙ ስለ ሕግ ቢሆንም ከሸራው እንጀምራለን፤ ክርክሩ የሚመጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ሲሆን ሸራው ግን ዛሬም እዚያው ተዘርግቶ ይገኛል። ዳር ዳሩን በድንጋይ የተያዘ ሸራ ለሕፃን ዓይን መሬት ይመስላል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ልጁ ሲረግጠው መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ልጁም ከነሸራው ወደ ውኃው ይወርዳል። ሸራው ከላይ ተመልሶ ስለሚገጥምበት ከቤት ብቅ ብሎ የሚያይ ሰው ከሥሩ ልጅ መኖሩን አያውቅም። በዚህ ላይ ዝናብ በሸራው ላይ የሚያቁረው ውኃ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ገንዳ ነው፤ በግንባሩ ለተደፋ የ1 ዓመት ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል። ስለዚህ ሸራውን ዛሬውኑ ያንሱት፤ ገንዳውንም ያስመጥጡትና የታችኛው ማፍሰሻ ክፍት ሆኖ ዝናቡን ወደ ቦይ እንዲያወርድ ያስደርጉ።

ብዙዎቻችን ልጅ ሲሰምጥ ይጮኻል፣ ውኃውንም ያንቦጫርቃል ብለን ስለምንገምት «ድምፅ ከሰማሁ እደርሳለሁ» በሚል እምነት ወደ ማጀት እንገባለን። ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰምጠው ያለ ድምፅ ነው። የጭንቅላቱ ክብደት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ አንዴ ወደፊት ከተደፋ ራሱን ማቅናት አይችልም፤ ውኃ የገባበት ጉሮሮም ለጩኸት የሚሆን አየር የለውም። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፤ ይህም ረዳትዎ ሁለት እንጀራ ጋግራ እስክታወጣ የሚወስድባት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም እንደሞቱና ከእነዚህም ከአራቱ አንድ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደነበሩ ገምቷል። ይኸው ድርጅት ሕፃናትን ከውኃ አደጋ ለመጠበቅ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ፣ ከውኃ ርቀው በአዋቂ ዓይን ሥር የሚውሉበትን ቦታ ማዘጋጀት ነው፤ በሌላ አነጋገር የእርስዎ ዓይነት ማቆያ። መፍትሔ የተባለው ቤት የአደጋው ቦታ እንዳይሆን ነው ይህን ያህል የምናሳስበው።

ገንዳው ባዶ ቢሆንም 1 ሜትር ከ60 ቁልቁል በሲሚንቶ ላይ መውደቂያ ስለሆነ፣ ውኃው መጠጠም አልመጠጠም አጥር ያስፈልገዋል። አጥሩ በአራቱም አቅጣጫ ገንዳውን ብቻ የሚከብ መሆን አለበት፤ የቤቱን የጀርባ ግድግዳ እንደ አንድ ጎን ቆጥሮ ሦስቱን ብቻ ማጠር፣ የጓሮው በር በተከፈተ ቁጥር ልጁን በቀጥታ ወደ ገንዳው ያወጣዋል። ከፍታው ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። በብረቶቹ መካከልም ሆነ ከመሬቱ በላይ የሚቀረው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ለበያጁ ሲያዙ ቋሚ ብረት ብቻ እንዲሠራልዎ አጥብቀው ይንገሩት፤ ለጥንካሬ ብሎ መሃል ላይ አግድም ብረት ከጨመረበት ለልጆቹ መሰላል ሠራላቸው ማለት ነው። ቆርቆሮ ርካሽ ቢሆንም አይጠቀሙበት፤ ከጀርባው ያለውን አያሳይዎትም። በሩ ከገንዳው ተቃራኒ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት በሞላ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋና መቀርቀሪያው ከመሬት ወደ 1 ሜትር ከ40 የሚደርስ ይሁን። የተገለበጠ ጀሪካን፣ ዱካ ወይም የአበባ ማሰሮ ከአጥሩ ሥር ከተቀመጠ ግን ይህ ሁሉ ልኬት ዋጋ የለውም።

በጎንደር ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ በየግቢው በርሜልና ባልዲ ሞልቶ ማደሩ የታወቀ ነው። እነዚህ ክዳን ይኑራቸው፤ ክዳን የሌለው ባልዲ ሌሊት ቢሞላም ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ ወይም ይደፋ።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን የመካስ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ጥፋት የሚባለው ክፉ አስቦ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ማድረግ የሚገባን ነገር በቸልተኝነት ሳያደርጉ መቅረትም ጥፋት ነው። አንቀጽ 2031 ደግሞ አንድን ሙያ ወይም ሥራ የያዘ ሰው የዚያን ሥራ ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያስገድዳል። እርስዎ ክፍያ ተቀብለው የሰው ልጅ የሚጠብቁ ስለሆነ ዳኛው የሚመዝንዎት እንደ ማንኛውም ጎረቤት ሳይሆን ሥራው ሕፃን መጠበቅ እንደሆነ ሰው ነው፤ ከወላጆች ጋር ያላችሁ የውል ግንኙነትም ሌላ ግዴታ ይጨምራል። ረዳትዎ በሥራዋ ላይ እያለች ባጠፋችው ጥፋት ተጠያቂ ብትሆን፣ በአንቀጽ 2130 መሠረት እርስዎም እንደ አሠሪ ይጠየቃሉ። ከሁሉ በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን ያለፈው ሳምንት ነገር ነው፤ ልጁ ሸራው ጫፍ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ «አደጋውን አላወቅሁም» የሚል መከራከሪያ አይኖርዎትም።

ይህ ማለት ባለቤቱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይናገራል። ገንዳው ከሕንፃ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ሆኖም ሕፃናት የሚውሉበት ግቢ መሆኑን እያወቀ «በሸራ ሸፍኚው» ብሎ መተዉ በራሱ ቸልተኝነት ተብሎ ሊቀርብበት ይችላል። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑት ሰዎች ብዙ ሲሆኑ ደግሞ በአንቀጽ 2155 መሠረት በአንድነት ስለሚጠየቁ፣ ተጎጂው ሙሉውን ካሣ ከአንዳቸው ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ እርስዎ ማራኪ ስለሆናችሁ ወላጆች አስቀድመው የሚይዙት ማንን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም። ስለሆነም ከእንግዲህ ጉዳዩን በስልክ ብቻ አይነጋገሩ። የገንዳውን ፎቶግራፍና የአጥሩን የዋጋ ግምት አያይዘው በጽሑፍ ይላኩለት፤ ወጪውን ከኪራዩ ላይ የምትቀናነሱ ከሆነም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ባለቤቱ እምቢ ካለ ግን አጥሩን እርስዎ ያሠሩና ሒሳቡን በኋላ ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ጎረቤትዎ የመከሩዎት ወረቀት በቅንነት የተሰጠ ምክር ቢሆንም አያድንዎትም። ሕጋችን ሰው በራሱ ጥፋት ለሚያደርሰው ጉዳት «አልጠየቅም» ብሎ አስቀድሞ እንዲዋዋል አይፈቅድም። በወንጀል በኩል ደግሞ የወላጅ ፊርማ ፈጽሞ ቦታ የለውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚቀጣ ሲሆን፣ የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ከፍ ይላል። እንዲያውም ወረቀቱ አደጋውን እያወቁ ከአጥር ይልቅ ፊርማ መምረጥዎን የሚመሰክር የጽሑፍ ማስረጃ ሆኖ በራስዎ ላይ ሊቀርብ ይችላል። ከወላጆች ጋር መፈራረምዎ ካልቀረ፣ ግቢው ገንዳ እንዳለው፣ በምን እንደታጠረ፣ ልጁን ማን እንደሚወስድና በድንገተኛ ጊዜ ማን እንደሚጠራ የሚገልጽ ይሁን፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ይጠቅማል።

አንድ የተሳሳተ አባባል በየቦታው ስለምንሰማ እዚህ ላይ እናርመው። «የሰው ሕይወት በሕግ 1,000 ብር ነው» ይባላል። እውነቱ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰነው የኅሊና ጉዳት ካሣን፣ ማለትም ለሐዘንና ለሥቃይ የሚከፈለውን ብቻ ነው። ለሕክምና፣ ለማገገሚያና ለወደፊት ለሚቀር ገቢ የሚጠየቀው ካሣ በዚህ ጣሪያ አይገደብም። ከመስጠም ተርፎ አንጎሉ ለተጎዳ ልጅ የዕድሜ ልክ እንክብካቤ ምን ያህል እንደሚሆን ያሰላ ሰው የአጥሩን ዋጋ አይከራከርም። የካሣ ክስ በመሠረቱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሲሆን ግን ረዘም ያለው የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ሊሠራ ይችላል። የኃላፊነት መድን መግዛት ካሰቡም፣ ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ገንዳ ያለበትን ግቢ የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

እርስዎም ረዳትዎም የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይውሰዱ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። እስከዚያው ይህን ብቻ ይያዙ፦ ከውኃ የወጣን ልጅ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ ሆዱን መጫን ጊዜ ያባክናል፣ ያስመልሰዋልም። በጀርባው በጠንካራ ቦታ ያስተኙት፤ የማይተነፍስ ከሆነ በቅድሚያ 5 ጊዜ እፍ ብለው አየር ይስጡት፣ ካልተንቀሳቀሰ ደረቱን መሃል 30 ጊዜ እየተጫኑ 2 ጊዜ እፍ ማለትን ይቀጥሉ፤ ሌላው ሰው በዚያው ቅጽበት መኪና ይጥራ። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስም ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አይመለስ።

ስለ ጥምቀት ለጠየቁን፣ ጥር 11 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ማቆያው ዝግ ነው፤ ወላጆችም ያን ቀን ሥራ የላቸውምና የልጃቸውን እጅ መያዝ የእነርሱ ድርሻ ነው። ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ የተሞላው የፋሲል መዋኛ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች እየዘለሉ ሲገቡበት ዳር ያለው ሕዝብ አንድ ላይ ወደፊት ይገፋል፤ በዚያ ግፊት መካከል ሁለት ሰው ሆኖ 9 ሕፃን መያዝ አይቻልም። ልጆቹ ቦታውን እንዲያውቁት ከፈለጉ ግን መዋኛው ደርቆ ግቢው ጸጥ በሚልበት በአንድ የበጋ ቀን፣ ወላጆች አብረው ባሉበት ይውሰዷቸው፤ በግንቡ ላይ የተጠላለፉትን የዛፍ ሥሮች መንካት ከውኃው ይልቅ ያስደስታቸዋል።